ሽፋሽፍት ቋጣሪዋ ዋርቲና

ዋርቲናን እትዬ ነው የምላት። በዕድሜ አምስት ዓመት ብቻ ትበልጠኛለች፤ በእኛ መንደር ግን በአንድ ክረምት የቀደመችሽንም ሴት እትዬ ካላልሻት ክሱ እናትሽ ዘንድ ይመጣል። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ክርኗ ክርኔን ስለሚነካ ፊቷን ሳላይ እንኳ ቀኑ እንዴት እንደዋለላት አውቅ ነበር። ጠዋት ላይ ክርኗ ይርቀኛል፤ ከቀትር በኋላ ይጠጋኛል፤ አስር ሰዓት ሲሆን ክብደቷ ሁሉ እኔ ላይ ነበር።

ሥራችን ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሽፋሽፍት መቋጠር ነው። የሰው ፀጉር ታጥቦ፣ በርዝመቱ ተለይቶ፣ በትንንሽ እስር ይመጣልናል። በሁለት ምስማር መካከል የተወጠረ ክር አለ፤ ክሩ ከፀጉሩ ብዙም አይወፍርም። ጫፉ በተቆለመመ መርፌ ፀጉሩን አንድ በአንድ እየሳብን ክሩ ላይ እንቋጥረዋለን፤ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ የሞዴሉ ወረቀት ላይ እንደተሳለው። ጥንዱ ሲያልቅ በመቀስ ይስተካከላል፣ በቀጭን ዘንግ ላይ ተጠቅልሎ ምድጃ ይገባና ይቆለመማል፣ ከዚያ ወደ ፑርባሊንጋ ከተማ ይወርዳል። ከከተማው ወደ ወደብ ይሄዳል ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየነውም። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ልጃገረዶቹ ዋርቲናን ግራና ቀኝ ይዘው ሽፋሽፍቱን በግድ ለጠፉላት። ሩብ ሰዓት እንኳ አልታገሰችም፣ ነቅላ ጣለችው።

«ኧረ ተዉኝ!» አለች። «ወንበሩ ላይ ያለሁ መስሎኝ ወገቤ አመመኝ።»

ሥራውን የጀመረችው ወዳ አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመቷ ላይ ቶሂሪንን ስታገባ እሱ የኮኮናት ዛፍ ወጪ ነበር። ጠዋትና ማታ ሃያ ሁለት ዛፍ እየወጣ ከአናቱ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ በቀርከሃ ዕቃ ያወርዳል፤ እሷ ደግሞ ጓዳ ውስጥ በትልቅ ብረት ድስት ቀኑን ሙሉ እያማሰለች ቡናማ ስኳር ታወጣለታለች። ዛፎቹ የራሳቸው አልነበሩም። የራሳቸው የሚሉት መሬት ከአባቱ ለአራት ተከፍሎ የደረሳቸው አንዲት ቁራጭ ማሳ ነበረች፤ ከእሷ የሚገኘው ሩዝ አራት ወር ቢያደርስ ነው። ልጃቸው ሴፕቲ ዳዴ ማለት በጀመረችበት የዝናብ ወራት ቶሂሪን ወደቀ። ዛፉ እርጥብ ነበር። ጎረቤቶች በበር ሳንቃ ላይ አጋድመው ተሸክመውት መጡ። ዳሌው ገጠመ፣ ግን ጠምሞ ገጠመ። የዛፎቹ ባለቤት አስራ አምስት ቀን ጠበቀና ሌላ ሰው አወጣባቸው። ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም፤ ውሃው በየቀኑ ካልወረደ መንጠባጠቡን ያቆማል።

በዚያው ሰሞን ጁሚያቲ የምትባል ሴት ከቤቷ ኋላ በቆርቆሮ የተሠራ ረጅም ቤት ከፍታ፣ ከከተማው ፋብሪካ ሥራ እየተቀበለች ሴቶች መሰብሰብ ጀምራ ነበር። ዋርቲና አንድ ቀን ሄዳ አይታ ተመለሰች።

«ሰኞ እጀምራለሁ» አለችው ባሏን።

«ልጅቷን ማን ይይዛታል?»

«አንተ።»

«እኔ?»

«የተሰበረው ዳሌህ ነው እንጂ እጅህ አይደለም።»

ይሄን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ያኔ አኩርፎ ሁለት ቀን እንዳላናገራት፣ በሦስተኛው ቀን ግን ልጅቷ ስትቆሽሽ ማጠብ ግድ እንደሆነበት እየሳቀ ይናገራል።

ከእኛ ሰፈር ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት፤ ልጅ ታቅፎ ድስት የጣደው የመጀመሪያው ወንድ ደግሞ እሱ ነው። በመንገዱ ዳር ያለችው የጥበቃ ጎጆ ውስጥ ዶሚኖ ሲጫወቱ የሚውሉ ወንዶች አሉ። ቶሂሪን ልጅቷን አዝሎ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ ምንጩ ሲወርድ ዝም ብለው አያሳልፉትም ነበር።

«ቶሂሪን! ዛሬ ወጡ ጨው አነሰው ወይስ በዛበት?»

«ማጥባትስ ጀመርክ ወይ?»

«ሚስቱ ስትመጣ እግሯን ያጥባታል አሉ።»

እሱም ይቆምና ልጅቷን ከፍ አድርጎ እያስተካከለ፣ «አዎ አጥባታለሁ። ያንተዋ ግን የምትታጠብበትንም ውሃ ራሷ ነው የምትቀዳው፤ እንዴት ታሳዝናለች!» ይላቸዋል። ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። ቤቱ ከገባ በኋላ ግን አይስቅም ነበር፤ እንዲህ ያለችኝ ዋርቲና ናት።

ከአምስት ዓመት በኋላ ከእነዚያ ቀልደኞች ሦስቱ ሕፃን ታቅፈው ነበር የሚቀመጡት። ማሳው አነሰ፣ የግንባታ ሥራ ጃካርታ ሄዶ ካልሆነ ጠፋ፣ ወንበሩ ደግሞ ሴት ብቻ ነበር የሚፈልገው። እኔም ያኔ ነው የገባሁት። መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ ዋርቲና ናት። «አትቆጪው፣ ፀጉሩ ይሰማሻል» ትለኝ ነበር። የእጇን ነገር ልንገራችሁ ብል ማጋነን ይመስላል። አዲስ ሞዴል ከከተማ ሲመጣ ጁሚያቲ መጀመሪያ የምትሰጠው ለእሷ ነው። ወረቀቱን አንዴ ታየዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ከዚያ ዝም ብላ ትጀምራለች። ሌሎቻችን የእሷን እያየን ነው የምንከተለው። ልጃገረዶቹ እየመጡ፣ እያገቡ፣ እየወለዱ፣ ወደ ከተማው ፋብሪካ እየሄዱ ሲለዋወጡ እሷ እዚያው ናት። ከንጋት ሶላት በኋላ ሩዟን በቅጠል ጠቅልላ ትወጣለች፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ትመለሳለች፣ ከዚያም ያላለቀውን ሥራ ይዛ ትገባለች፤ ግማሹን ቤት ወስዶ መሥራት ይፈቀዳል። እንዲህ ሆኖ አስራ ሰባት ዓመት ሄደ።

ዓይኗ መድከም የጀመረው አርባ ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ቀና ብላ፣

«ካስሚ፣ ይሄ አምፖል አልደከመም?» አለችኝ።

አምፖሉ የተቀየረው በዚያው ሳምንት ነበር። ደክሟል አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ፖን በምንለው፣ በየአምስት ቀኑ በሚውለው የገበያ ቀን መነጽር የሚሸጥ ሰው ዘንድ አብረን ሄድን። መነጽሮቹን በላስቲክ ላይ ደርድሯቸዋል። አንዱን እያነሳ ያስለካታል፣ የጋዜጣ ቁራጭ ያሳያታል።

«ይሄኛው የአስተማሪ ነው፣ እናቴ። ያምርብዎታል።»

«ማማሩን ተወው፣ ወንድሜ። ፀጉር ያሳያል ወይ?»

«የራስዎን ፀጉር?»

«የሌላ ሰው ፀጉር።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ገዛችው፤ ለስምንት ወር ያህል አገለገላት። ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ከሥራ ስትመለስ ቤት ገብታ ዓይኗ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋ ትጋደማለች፤ ቶሂሪን ሜንዶአን የሚባለውን በሊጥ የተነከረ የአኩሪ አተር ቂጣ ጠብሶ ሲያቀርብላት በጨርቁ ሥር ሆና ትበላለች። በወንበሩ ላይ ደግሞ አዲስ ልማድ አመጣች። በጣቷ ጫፍ ክሩን ትዳብሳለች፣ ቋጠሮውን ትቆጥራለች፣ ከዚያ ነው መርፌውን የምታስገባው። ተቆጣጣሪዋ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ስትዞር የእሷን ክር ወደ እኔ ሳብ አደርግና ሦስት አራቱን አስተካክልላታለሁ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ተቆጣጣሪያችን ሮካያ ትባላለች። በአስራ ስድስት ዓመቷ ስትመጣ ያስተማረቻት ዋርቲና ናት፤ አሁን ማጉያ መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየዞረች የሁላችንንም ሥራ ታያለች። ከተማው ሥራ ከመለሰባት የሚቆጡት እሷን ነው። አንድ ሐሙስ ቀን የዋርቲናን ትሪ ይዛ መጣች።

«እትዬ ዋርቲና፣ ይሄ አይሄድልኝም።»

«የቱ?»

«ሁሉም።»

ከወዲያ ጥግ ዊዊት የምትባል አዲስ ልጅ፣ «እትዬ ዛሬ ተኝተው ነው የቋጠሩት» አለች፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ።

ዋርቲና አንገቷን አላዞረችም። «ተኝቼ ብቋጥርም ነቅተሽ ከምትቋጥሪው ይሻል ነበር» አለች። ያኔ ሁሉም ሳቀ፣ ዊዊትም ጭምር። ሮካያ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ በዝግታ፣

«እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፣ እትዬ። ቤት ወስደው የሚሠሩት እንከን የለውም። እዚህ የሚሠሩት እንዲህ ነው። ከእኔ ጋር ቂም ካለዎት ይንገሩኝ» አለቻት።

«ምን ቂም አለኝ፣ ልጄ። ቤት ፀጥታ አለ።»

እኔም ይሄን መልስ አመንኩት።

በዚያ ወር ጤና ጣቢያ የዓይን ሐኪም መጥቷል ተባለና ወሰድኳት። ወጣት ሐኪም ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር። በብርሃን አየ፣ ፊደል አስነበባት፣ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ሽፋሽፍት እቋጥራለሁ።»

«ስንት ዓመት?»

«ልጄ ዳዴ ስትል ጀምሬ፣ አሁን ልታገባ ደርሳለች።»

«ይሄ ሥራ ይቁም። የዓይን ሞራም ጀምሮዎታል። ከቅርብ የሚያዩት ሥራ ሁሉ ይቁም።»

«እሺ» አለች ዋርቲና። «ከዚያስ?»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። የዓይን ጠብታ ጻፈላት። ወጥተን የሞተር ታክሲው እስኪመጣ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ለባሏ እንዳልነግር አላስጠነቀቀችኝም። እሱ አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር የገባኝ ግን ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ትኩሳት ይዞኝ በቀትር ፈቃድ ወስጄ ስወጣ፣ ዋርቲና፣ «በቤት በኩል ስታልፊ ቶሂሪንን ሩዙን ከፀሐይ አንሳ በይልኝ፤ ደመናው አላማረኝም» አለችኝ። ስደርስ ሩዙ ሸራ ላይ እንደተሰጣ ነው፤ በሩ ተዘግቷል። በጓሮው ዞርኩ። ወደ ቀርከሃው የሚያየው መስኮት ተከፍቷል።

ቶሂሪን መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የዋርቲና ምስማርና ክር ከፊቱ አለ፤ መርፌው በዚያ ዛፍ ሲቧጥጥ በኖረ ጣቱ መካከል ጠፍቶ ጭራሽ አይታይም። ምላሱን በጥርሱ ያዝ አድርጓል። ፀጉሩን በወረንጦ ለየ፣ ሳበ፣ ቋጠረ፣ ጠበቅ አደረገ፤ ትንፋሹን ሲያወጣ ሰማሁት። ከዚያ ሌላውን። እጁ እንደ ዋርቲና አይፈጥንም። ግን አይሳሳትም።

ሳልኩ። ከትኩሳቱ ይሆናል።

«ማነው?» ብሎ ሽርጡን ከጫንቃው ገፎ ምስማሩ ላይ ጣለበት፤ ክሩ ሲበጠስ ተሰማኝ።

«እኔ ነኝ ካስሚ። ሩዙን አንሳ ብላሃለች።»

«እሺ» ብሎ ቀና አለ። «አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«አይተሻል።»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

ሽርጡን ቀስ ብሎ አነሳውና የተበጠሰውን ክር አየ። «የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር» አለ።

በመስኮቱ በኩል እንደቆምኩ ነው የነገረኝ። ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ እሷ ቤት ይዛ የመጣችውን የተበላሸ ቋጠሮ ይፈታላት ነበር። ከዚያ ግማሹን፣ ከዚያ ሙሉውን መሥራት ያዘ። ሴፕቲ ትምህርት ቤት፣ ዋርቲና ወንበሩ ላይ በሆኑበት ሰዓት በሩን ዘግቶ ይሠራል።

«ለማንም እንዳትነግሪ፣ ካስሚ። ዛፍ ስወጣ አልሳቁብኝም። ስወድቅም አልሳቁም። ስቀቅል ሳቁ። ይሄን ከሰሙማ መንደሩን ለቅቄ መሄዴ ነው።»

«ምን ቀርቷቸው ይስቃሉ? ያላሉህ ነገር አለ?»

«አለ» አለ። «አንድ ሁለት ቀርቷቸዋል።»

ሩዙን አብረን ሰበሰብን። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ሰሞን ሴፕቲ ትምህርቷን ልትጨርስ ወራት ቀርተዋት ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች የቤቱ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። አንድ እሁድ እናቷ ጨርቅ ዓይኗ ላይ ጥላ ተጋድማ ሳለች፣

«እማዬ፣ እኔ በአንቺ ቦታ ልግባ። ጁሚያቲን ጠይቄያታለሁ፣ እሺ ብላለች» አለቻት። እኔ ካሳቫ እየላጥኩ አጠገባቸው ነበርኩ።

ዋርቲና ጨርቁን አነሳች። «ማንን ጠየቅሽ?»

«ጁሚያቲን። አንቺ እረፊ፣ እኔ እቀመጥልሻለሁ።»

«እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥሽ ቀን እዚህ ቤት እንዳትገቢ።»

«ታዲያ ምን እንበላለን? አይታይሽም አይደል? እኔ እኮ አውቃለሁ፤ ሻይ ስትቀጂ ብርጭቆውን በጣትሽ ነው የምትፈልጊው!»

ቶሂሪን ከበሩ ቆሞ ነበር። ልጅቷን አያት፣ ሚስቱን አያት፣ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔም ካሳቫዬን ይዤ ወጣሁ። ሴፕቲ ስታለቅስ ዋርቲና፣ «ነይ እዚህ፣ ነይ ተጋደሚ» ስትላት ከኋላዬ ሰማሁ።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ማክሰኞ ነው። ከከተማው ፋብሪካ አንድ ሰውና አንዲት ሴት አዲስ ሞዴል ይዘው መጡ። ፀጉሩ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ፣ ከዚህ በፊት ሠርተነው የማናውቅ ዓይነት ነው፤ ማን እንደሚችለው በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። ጁሚያቲ አዲስ ልብሷን ለብሳለች። ወንበር አምጥታ መሀል ላይ አደረገች።

«የእኛ እጅ እሷ ናት» አለቻቸው። «ነይ ዋርቲና።»

ሄደች። ተቀመጠች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙራ ያዘችው፣ ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው። መርፌውን አነሳች። ክሩን ሳተችው። በጣቷ ዳበሰችና እንደገና ሞከረች፣ ሳተችው። ሦስተኛው ላይ መርፌው ጣቷን ወጋው። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን የራሳችንን ሥራ የምንሠራ መሰልን፤ አንዲትም ሴት አልቋጠረችም።

ዋርቲና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አላይም» አለች።

«መነጽርሽን አድርጊ እንጂ» አለች ጁሚያቲ እየሳቀች፤ ሳቁ ለእንግዶቹ ነው።

«በመነጽርም አላይም። ዓመት አልፎኛል።»

«ምን ማለትሽ ነው? ትናንት ከቤትሽ ያመጣሽው…»

«የቤቱን ባሌ ነው የሚሠራው።»

አንዷ ሳቀች፤ ማን እንደሆነች ዛሬም ድረስ አላወቅንም፣ ቶሎ ነው ያቋረጠችው። እንግዳዋ ሴትዮ ወደ ጁሚያቲ ጠጋ ብላ ምን እንዳለች ጠየቀቻት። ጁሚያቲ ዛሬ ትንሽ አሟታል አለችና ሌላ ልጅ አስቀመጠች። ልጅቷም እንደምንም አንድ ጥንድ አወጣች። እንግዶቹ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

መኪናው ከግቢው እንደወጣ ጁሚያቲ ዞረች።

«አስራ ሰባት ዓመት! አስራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረን በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

ጁሚያቲ የእንግዶቹን የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።

«አየሽ» አለች ዋርቲና። ሩዟን የጠቀለለችበትን ጨርቅ አንስታ፣ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አግኝታ ወጣች። በዚያች ሰዓት ቁጣም እፍረትም አላየሁባትም። ሸክም አውርዶ ትከሻው ግን ገና የሚያመው ሰው ትመስል ነበር።

በማግስቱ እሷ አልመጣችም። ሮካያ ለማንም ሳትናገር ሞዴሉን ይዛ ቤታቸው ሄደች። እዚያ የሆነውን በኋላ ሴፕቲ ነገረችን። ቶሂሪን መጀመሪያ ክዶ ነበር፤ እግሩ እንዳመመው፣ ከብት ሊያይ እንደሚወጣ ተናገረ፣ ከብትም የላቸው። ሮካያ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ እኔ ልስቅ አልመጣሁም። አባቴ ቤቱን ሲጠርግ እያየሁ ነው ያደግኩት» አለችው። ተቀመጠ። ሞዴሉን ረጅም ሰዓት አየው። አንዱን ጥንድ ሲጨርስ ሻዩ ቀዝቅዟል። ሮካያ በማጉያዋ አየች፣ አገላበጠች።

«የግራው ትንሽ ጠብቋል» አለች። ይኸው ነው ያለችው። በሳምንቱ ለራሱ የሚሆን ፀጉር በእስር በእስር መጣለት።

ጥሩ ሆነ ማለት እፈልግ ነበር። ግማሹ ጥሩ ሆነ። የቤት ሠራተኛ የሚከፈለው ከወንበሩ ያንሳል፤ ጁሚያቲም መዝገቧ ላይ የወንድ ስም አላሰፍርም ስላለች ሥራው አሁንም በዋርቲና ስም ነው የሚገባው። ጥበቃ ጎጆው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሳምንት ሙሉ ጥጋብ ሆነላቸው። «ቶሂሪን፣ እኔንም ኩል ኳለኝ!» ይሉታል። እሱ የቀሩት አንድ ሁለት ቀልዶች ምን እንደነበሩ ያኔ አወቀ። መንደሩን ግን አልለቀቀም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከነሱ አንዱ፣ ሳርኩም የሚባለው፣ ሚስቱ ጀርባዋን ታማ ቤት የዋለችበት ሰው፣ ቶሂሪን ከምንጩ ሲመለስ አብሮት ሄደ። ብዙ ተጉዞ ነው፣ «ያ መርፌ… ለወፍራም ጣት አይከብድም?» ያለው።

ዋርቲናን ጁሚያቲ ወደ ጓሮ አዛወረቻት። ፀጉር የሚታጠበው እዚያ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ፀጉር በጆንያ ሆኖ ይፈስሳል፣ በመድኃኒት ይዘፈዘፋል፣ ይታጠባል፣ በምስማር ማበጠሪያ ላይ እየተሳበ በርዝመቱ ይለያል። ለዚህ ዓይን ብዙ አያስፈልግም፣ እጅ ነው። ርዝመቱን በጣቷ ታውቃለች፤ ከሌሎቹ እጥፍ ትፈጥናለች። ክፍያው ከቋጣሪ ያነሰ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። የእጇ ቆዳ በመድኃኒቱ ተሰነጣጥቆ የኮኮናት ዘይት ብትቀባውም አልድን አለ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሄጄ፣ «እትዬ፣ ከወንበሩ ይሻላል?» አልኳት።

«ራሴን አያመኝም» አለች። «እግሬን ነው» ብላ ጨመረች።

ሴፕቲ ትምህርቷን ጨረሰች። ከተማ ውስጥ ባለ መድኃኒት ቤት ዕቃ አቀባይ ሆና ተቀጠረች፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ክፍል ተከራይታ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች። ነጭ ጋውን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ቶሂሪን ሥራ የሚሠራበት መስኮት አጠገብ ሰቅሎታል። ስትመጣ ግን የመጀመሪያውን ቀን ስትተኛ ነው የምትውለው። እናቷ ውሃ አሙቃ ታመጣላትና እግሯን ታሽላታለች። ሁለቱም ቆመው የሚውሉ ሆነዋል።

የሞራውን ቀዶ ሕክምና ነገር አንስተንባት ነበር። ከተማው ሆስፒታል በነጻ የሚሠራበት ጊዜ አለ ይባላል። ሮካያ ቀኑን ጠይቃ መጣች። ዋርቲና ሄዳ ተመዘገበች፤ ተራዋ እስካሁን አልደረሰም። ከዳነችስ ወደ ወንበሩ ትመለስ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ሁለተኛ ያን ክር ለማየት ነው የምድነው?» አለችኝ። «የሰው ፊት አይቼበት ብሞት ይበቃኛል።»

ባለፈው ሳምንት ከሥራ አብረን ስንመለስ መንገዱ መሀል ቆመች። ከቦዩ ዳር ያለውን የሲሚንቶ ግንብ በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ትንሽ እንረፍ» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከታች ማሳው ውስጥ ሰዎች ችግኝ ይተክላሉ፤ ውሃው ውስጥ ጎንበስ ያሉትን ወገቦች እኔ አያለሁ፣ እሷ አረንጓዴውን ብቻ ነው የምታየው። የከተማውን ፋብሪካ ሴቶች የጫነች ፒክአፕ አለፈች። ግማሾቹ ቆመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ አንዷ እጇን አውለበለበችልን።

«ማናት?» አለች ዋርቲና።

«የሳርኩም ልጅ ናት።»

«ትልቅ ሆነች?»

«ትልቅ ሆነች።»

ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቦዩ ውስጥ ነከረች። ቀዝቃዛ መሆኑን ከትከሻዋ አወቅሁ። ቶሂሪን ሩዙን ጥዶ እንደሚጠብቃት፣ እንዳይቀዘቅዝበት መሄድ እንዳለብን ነገርኳት።

«ይቀዝቅዝ» አለች። «ያሞቀዋል።»

ስለዚህ ተቀመጥን።